«የሞተ» የተባለው ጋላክሲ፦ ኤንጂሲ 4993 እና ከጎጃም ሰማይ የሚታየው ዘመዱ

የማርቆስ መምህር፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን አንዲት ትንሽ ቴሌስኮፕ አለችው። መስተዋቷ 114 ሚሊ ሜትር ነው። የሳይንስ ክበብ ልጆች ጨረቃንም፣ ጁፒተርንም፣ የሳተርንን ቀለበትም አይተውባታል። አሁን ደግሞ «ጋላክሲ እንይ» ብለው ወጥረው ይዘውኛል።

ሰሞኑን ስለ ጋላክሲ ዓይነቶች ስናወራ ሌንቲኩላር የሚባለው ላይ ደረስን። ክንድ የለውም፣ ጋዝ የለውም ማለት ይቻላል፣ አዲስ ኮከብም እምብዛም አይወልድም። ይህን ስናገር አንዷ ተማሪ እጇን አወጣችና «እና የሞተ ነገር ነው? ታዲያ ሰው ምን ብሎ ያየዋል?» አለች። ክፍሉ ዝም አለ። ጥያቄዋ ከልቤ ገባ። በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚመለስ አይደለም።

ኤንጂሲ በሚባለው የሰማይ አካላት ዝርዝር ውስጥ 4993ኛ የሆነው ጋላክሲ ከእነዚህ አንዱ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ስለ ኤንጂሲ 4993 በሚገባ የምታውቁ ካላችሁ እስቲ አስረዱን። ሌላው፣ በእኛ ቴሌስኮፕ ከዚህ ከጎጃም ሊታይ ይችላል?

ጮቄ ሥር፦

መምህር፣ ልጅቷን በርቺ በልልኝ። ከእሷ ጥያቄ ነው መጀመር ያለብን።

ሌንቲኩላር ጋላክሲ በመልኩ የምስር ፍሬ ነው። መሐሉ ያበጠ፣ ዳሩ የሳሳ ጠፍጣፋ ክብ። ኤድዊን ሀብል በ1936 ባሳተመው መጽሐፉ ጋላክሲዎችን ሲደለድል፣ በሞላላዎቹና ባለክንዶቹ መካከል ለዚህ ዓይነቱ ቦታ ሰጥቶታል። ያኔ «በመካከል እንዲህ ያለ መኖር አለበት» ከሚል ሐሳብ የመጣ ነበር። ኋላ ላይ በብዛት ተገኘ።

ጋዙን እንዴት አጣው ለሚለው መልሱ አንድ አይደለም። ብዙ ጋላክሲዎች በተሰበሰቡበት ክምችት ውስጥ የሚሮጥ ጋላክሲ፣ በመካከሉ ያለው የጋለ ጋዝ እየገፋ የራሱን ጋዝ ያስጥለዋል። ሌላው ከጎረቤቱ ጋር ይዋሃድና ጋዙን ባንድ ጊዜ አንድዶ ይጨርሰዋል። አንዳንዱ ደግሞ እንዲሁ ቀስ እያለ ያልቅበታል። ጋዝ ካለቀ አዲስ ኮከብ የለም። ሰማያዊዎቹ ትልልቅ ኮከቦች ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነ ቶሎ ያልቃሉ፤ የሚቀሩት ብጫና ቀያዮቹ ሽማግሌዎች ናቸው። «የሞተ» የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ኤንጂሲ 4993። ዊሊያም ኸርሸል እንግሊዝ አገር ሆኖ በመጋቢት 1789 እንደ ፈረንጆቹ አገኘው። ሃይድራ በሚባለው የኮከብ ስብስብ ውስጥ ነው። 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል። ከዚያ በኋላ ከ200 ዓመት በላይ ብዙም ትኩር ብሎ ያየው አልነበረም። ዝርዝር ውስጥ ካሉት ብዙ ሺዎች አንዱ ነበር።

ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ነገሩ ተለወጠ። እንደ ፈረንጆቹ ኦገስት 17 ቀን 2017 ነው። አሜሪካ ያሉት ሁለቱ የላይጎ መሣሪያዎችና ጣሊያን ያለው ቪርጎ 100 ሰከንድ ያህል የቆየ የስበት ሞገድ፣ ማለትም የጠፈርን መወዛወዝ፣ ያዙ። ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች እየተዟዟሩ፣ እየተቀራረቡ፣ በመጨረሻ ተላተሙ። ከ1.7 ሰከንድ በኋላ ፌርሚ የተባለችው ሳተላይት የጋማ ጨረር ብልጭታ መዘገበች። ከ11 ሰዓት ገደማ በኋላ ቺሌ ውስጥ ላስ ካምፓናስ በሚባል ተራራ ላይ ያለው የስዎፕ ቴሌስኮፕ ብልጭታው የመጣበትን ቦታ አገኘ። ቦታው ይኸው «የሞተው» ጋላክሲ ነበር።

ከዚህ በፊት የስበት ሞገድና ብርሃን ከአንድ ክስተት አብረው ታይተው አያውቁም። በዚያን ሰሞን በየአህጉሩ ያሉ ቴሌስኮፖች፣ ከምድር ውጭ ያሉትም ጭምር፣ ፊታቸውን ወደዚህ ጋላክሲ አዞሩ። ለልጅቷ ይህን ንገራት።

የሰከላዋ፦

ጋሼ እናመሰግናለን። ሁልጊዜ የሚገባን አድርገው ነው የሚጽፉት። አንድ ነገር ልጠይቅ። ወርቅ የሚሠራው በዚህ ዓይነት ግጭት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እናቴ የጆሮ ወርቅ አላት፣ ከእናቷ የወረሰችው። ያ ወርቅ ከኮከብ ግጭት መጣ ማለት ነው? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ጮቄ ሥር፦

እቴ፣ የእናትሽ ወርቅ ከኤንጂሲ 4993 አልመጣም። የዚያ ግጭት ፍርስራሽ እዚያው ነው ያለው፤ ወደ እኛ የደረሰው ብርሃኑና ሞገዱ ብቻ ነው። ግን ዓይነቱ ያው ነው። ፀሐይና ምድር ከመፈጠራቸው በፊት፣ በእኛው ጋላክሲ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ፣ እንዲህ ያሉ ኃይለኛ ክስተቶች ከባድ ንጥረ ነገሮችን ሠርተው በትነዋል። ምድር ስትሠራ ከዚያ ጋዝና አቧራ ውስጥ ወርቁም አብሮ ገባ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኒውትሮን ኮከብ ከፀሐይ የከበደ ሆኖ ስፋቱ ከአንድ ከተማ አይበልጥም። ሁለቱ ሲላተሙ ጥቂቱ ተፈናጥሮ ይወጣል። የተፈናጠረው በኒውትሮን የተሞላ ነው። አቶሞች ኒውትሮኑን በፍጥነት ይውጣሉ። ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከብረት የሚከብዱት ይሠራሉ፦ ወርቅ፣ ፕላቲነም፣ ዩራኒየም። ከዚያ የማይረጉት እየፈረሱ ያበራሉ። የታየው ብርሃን ይህ ነው። ኪሎኖቫ ይባላል። መጀመሪያ ሰማያዊ ነበር፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ቀይ ተቀየረና ደበዘዘ። በ2019 ተመራማሪዎች በብርሃኑ ውስጥ ስትሮንሺየም የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። አዲስ የተሠራ ከባድ ንጥረ ነገር እዚያው እንደ ተሠራ ታየ ማለት ነው።

እና ዕድሜ የጠገበ ጋላክሲ ውስጥ መሆኑ አይገርምም። ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ከተወለዱ በኋላ በስበት ሞገድ ጉልበታቸውን ጥቂት በጥቂት እያጡ እስኪገናኙ ድረስ ቢሊዮን ዓመታት ሊፈጅባቸው ይችላል። ኮከቦቹን የወለደው ዘመን ካለፈ በኋላ፣ ጋዙ ካለቀ በኋላ፣ እነሱ ገና መንገድ ላይ ናቸው።

ዳሞት፦

ጋሼ ባሉት ላይ ትንሽ ልጨምር። ኤንጂሲ 4993ን አንዳንዱ ዝርዝር ሞላላ፣ አንዳንዱ ሌንቲኩላር ብሎ ነው የሚያስቀምጠው። ይህ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ፊት ለፊት የሚታይ ሌንቲኩላር ከሞላላ ጋላክሲ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ጠፍጣፋነቱ የሚለየው ከጎን ሲታይ ነው። ስለዚህ የብርሃኑን አወራረድ ከመሐል ወደ ዳር መለካት፣ የኮከቦቹንም ዙረት ማየት ያስፈልጋል።

ደግሞ ሌላ የሚያስደንቅ ነገር አለው። በጥልቅ ፎቶ ሲታይ ዙሪያው ላይ ስስ ቅስት የመሳሰሉ ነገሮች አሉ። ሼል ይሏቸዋል። መሐሉ አጠገብም የአቧራ ፈትል አለ። ይህ የሚሆነው አንድ ጋላክሲ ሌላውን ውጦ ሲያበቃ የተዋጠው ኮከቦች ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዙ ነው። ጥናቶቹ እንደሚሉት ባለፈው 1 ቢሊዮን ዓመት ውስጥ የሆነ ነው። ለጋላክሲ ይህ የትናንት ያህል ነው። የተረጋጋ የሚመስለው ሁሉ ታሪክ አለው።

ጣና ዳር፦

እኔ ባሕር ዳር ነኝ። ይህን የውይይት ክር ሳነብ አንድ ነገር ማስላት አማረኝና ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ውጤቱን ሳየው ብቻዬን ጮኽኩ።

ሞገዱ ምድር ላይ የደረሰው በዓለም አቀፉ ሰዓት 12፡41 ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ41 ደቂቃ። ነሐሴ 11 ስለሆነ ፍልሰታ ነው፤ ቅዳሴ የቆየ ሰው ገና ወደ ቤቱ እየገባ ይሆናል። በዚያች ደቂቃ ሃይድራ የት ነበረች? የኮከብ ሰዓቱን ለጎጃም አስልታችሁ እዩት። ኤንጂሲ 4993 ከእኛ በስተደቡብ፣ ከሰማዩ መሐል መሥመር ላይ ለመድረስ ሩብ ሰዓት እንኳ አልቀረውም። ከአድማስ ከፍታው 55 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፀሐይ ስላለች አይታይም፤ ደመናም አለ። ግን እዚያ ነበር። የሰማዩን ጫፍ ለመንካት በቀረበበት ሰዓት ሞገዱ በላያችን አለፈ።

ጋላክሲው ልክ አናቱ ላይ የቆመለት ቦታ ቢፈለግ ሞዛምቢክና ማዳጋስካር መካከል ያለው ባሕር ነው። አፍሪካ ነች ፊት ለፊት የነበረችው። 130 ሚሊዮን ዓመት የተጓዘ ነገር የእኛን አህጉር ነው ፊት ለፊት ያገኘው።

ቀጥሎ ያለውን አስተውሉ። ላይጎና ቪርጎ አብረው የሠሩት የመጀመሪያ የአቅጣጫ ካርታ የተላከው በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ54 ላይ ነው። ያኔ ጎጃም ጨልሟል፤ ጋላክሲውም በስተምዕራብ ዝቅ ብሎ ነበር። የጠለቀው 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቺሌ ግን ገና ቀን ነበር። እነሱ እስኪመሽላቸው ጠብቀው ነው ያገኙት። በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል አልፏል። እነሱም ቢሆን ከመጥለቁ በፊት የነበራቸው ጊዜ አጭር ነበር።

ስዎፕ ትልቅ ቴሌስኮፕ እንዳይመስላችሁ። መስተዋቱ 1 ሜትር ነው። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን። መጠናቸው ያው ነው! ስዎፕ ላይ የነበሩት ያሸነፉት በመስተዋት አይደለም። ካርታው ባመለከተው አቅጣጫና ርቀት ላይ የሚገኙ ጋላክሲዎችን ዝርዝር አዘጋጅተው፣ ቅድሚያ የሚሰጠውን ለይተው፣ አንድ በአንድ ፎቶ አነሱ። አዲሱን ፎቶ ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። ከጥቂት ወራት በፊት ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሳው የዚህ ጋላክሲ ፎቶ ነበረ፤ እዚያ ላይ ምንም የለም። በአዲሱ ላይ ከጋላክሲው መሐል ትንሽ ፈንጠር ብላ አንዲት ነጥብ አለች። በቃ ይህ ነው።

የቢቸና ሰው፦

ወንድሜ ስሌቱ ደስ ይላል፣ አመሰግናለሁ። ግን እውነቱን እንነጋገር። ነሐሴ 11 ጎጃም ውስጥ ኮከብ የሚያይ ሰው ማን ነው? ሰኔ ከገባ እስከ መስከረም አጋማሽ ሰማዩ ድፍን ነው። እኔ ገበሬ ነኝ፤ በነሐሴ ፀሐይዋን እንኳ የምናይበት ቀን ቁጥሩ ትንሽ ነው። እንጦጦም ያው ክረምት ነው። ቺሌ ያሉት ተራራቸው በረሃ ላይ ስለሆነ ነው የተሳካላቸው። እንደዚያ ዓይነት ሰማይ ሳይኖረን «መስተዋታችን እኩል ነው» ማለት ልጆቹን ያሳስታቸዋል።

ጣና ዳር፦

ደመናው እውነት ነው አባቴ። ነሐሴን ለክርክር አላቀርብም። ግን ኮከቦች ሲላተሙ ክረምት በጋ አይሉም፤ በማንኛውም ወር ሊመጣ ይችላል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ደግሞ የእኛ ሰማይ ጥርት ያለ ነው፤ የምድር ወገቡም ቅርብ ስለሆነ ሰሜኑንም ደቡቡንም እናያለን። ቺሌ የሚጨልመው ከእኛ ሰባት ሰዓት ገደማ ዘግይቶ ነው። የሚቀያየር ነገር ሲከሰት ይህ ክፍተት ትልቅ ነው። ያ ኪሎኖቫ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምን እንደሚመስል ማንም አላየውም፤ በአፍሪካ ምሽት ላይ ያለፈ ስለሆነ። ላሊበላ አጠገብ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ለቴሌስኮፕ ይሆን ዘንድ የተጠናውም በዚህ ምክንያት ነው። ጮቄም ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ይህ ለልጆቹ ተስፋ ማጋነን አይመስለኝም።

የቢቸና ሰው፦

ይህ ከተባለስ እስማማለሁ። ለበጋው እስማማለሁ።

ደጀን ላይ፦

እኔ የገረመኝ ርቀቱ ነው። 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ብሎ ማን ለካው? ሜትር ይዞ የሄደ የለም። ደግሞ ሁላችሁም ስትጽፉት እንደ ቀላል ነው።

ዳሞት፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ይህ ጋላክሲ ከሌሎቹ የሚለየውም በዚህ ነው። በተለያየ መንገድ ተለክቷል።

የመጀመሪያው፣ ጋላክሲው ከእኛ ሲርቅ ብርሃኑ ወደ ቀይ ይሳባል። ምን ያህል እንደተሳበ ይለካል። ሁለተኛው፣ በፎቶው ላይ ኮከቦቹ አንድ በአንድ ባይለዩም የብርሃኑ ገጽ ፍጹም ልስልስ አይደለም። በቅርብ ያለ ጋላክሲ ጎርበጥበጥ ይላል፤ የራቀው ይለሰልሳል። እንደ ኤንጂሲ 4993 ያለ፣ አቧራና ወጣት ኮከብ እምብዛም የሌለው ጋላክሲ ለዚህ መለኪያ የተመቸ ነው። እዚህ ላይ ማርጀቱ ጠቀመ። ሦስተኛው አዲሱ ነው፦ የስበት ሞገዱ ራሱ። የሞገዱ አካሄድ ኮከቦቹ ምን ያህል እንደሚከብዱ ይናገራል። ክብደታቸው ከታወቀ ከምንጩ ምን ያህል ብርቱ ሆኖ እንደተነሳ ይታወቃል። እኛ ጋ ሲደርስ ምን ያህል እንደ ደከመ ደግሞ መሣሪያው ለክቷል። ከሁለቱ ርቀቱ ይወጣል። ሌላ መሰላል አያስፈልግም። ተመራማሪዎቹ ይህን ርቀትና የጋላክሲውን ፍጥነት አጣምረው ጠፈር የሚሰፋበትን መጠን አሰሉ። በየ3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመቱ ርቀት በሰከንድ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ አገኙ። በሌሎች መንገዶች ከተገኙት ቁጥሮች መካከል ነው፤ የስህተት ህዳጉ ግን ገና ሰፊ ነው።

ሌላ ደግሞ አስቡት። ሞገዱና ጋማ ጨረሩ 130 ሚሊዮን ዓመት ተጉዘው በ1.7 ሰከንድ ልዩነት ደረሱ። ስበት የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ይህን የሚቃረኑ የስበት ንድፈ ሐሳቦች በዚያን ዕለት ወደቁ።

ደጀን ላይ፦

እግዜር ይስጥልን። አሁን ገባኝ። እኔም ከሠፈሬ ልጨምር። እኛ ጋ ዓባይ በረሃን የሚወርድ ሰው ጊዜን በድንጋይ ያየዋል። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ እያለ ይወርዳል፤ የኖራው ዘመን ዳይኖሰሮች የነበሩበት ነው። የዚያ ጋላክሲ ብርሃን ሲነሳ ጥቁሩ ድንጋይ ገና ከመሬት ሆድ አልወጣም። ጮቄም አልነበረም።

የሌሊት ተረኛ፦

ነርስ ነኝ፣ ፍኖተ ሰላም። ከተረኝነት ስወጣ ሰማይ ማየት ልማዴ ነው። የመምህሩ ሁለተኛ ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር።

መምህር፣ ኤንጂሲ 4993 በ114 ሚሊ ሜትር አይሆንም። ድምቀቱ 12.4 ገደማ ነው፤ በዚህ መለኪያ ቁጥሩ ሲበዛ ድምቀቱ ያንሳል። በጣም ጨለማ ቦታ ላይ 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ መስተዋት ይፈልጋል። ቦታውን ለልጆቹ ማሳየት ግን ቀላል ነው። ስፒካ የምትባለውን ብሩህ ኮከብ ያግኙ። ከእሷ ወደ ደቡብ ከአንድ ጭብጥ ትንሽ ያለፈ ውረዱ፤ ጋማ ሃይድራ የምትባል መካከለኛ ኮከብ አለች። ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ እጅ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ከጋማ ሃይድራ በስተምዕራብ በ2 ዲግሪ ላይ ነው ጋላክሲው። በመጋቢት አጋማሽ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ በደቡብ ከፍ ይላል።

ልጆቹ በዓይናቸው እንዲያዩት የምመክረው ሌላ ነው፦ ኤንጂሲ 3115። እውነተኛ ሌንቲኩላር ነው፤ ያውም ከጎኑ የሚታይ። ኸርሸል በ1787 ያገኘው ነው። 32 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ድምቀቱ 9 ገደማ ነው። በመሐሉ 1 ቢሊዮን ፀሐይ ገደማ የሚከብድ ጥቁር ጉድጓድ አለ። ቻንድራ የተባለችው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ የጋለ ጋዝ ወደዚያ ሲሳብ አሳይታለች፤ በ2011 ነው ይፋ የሆነው። የደጀኑ ወንድሜ ጥቁር ድንጋይና የዚህ ጋላክሲ ብርሃን እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል።

ለጎጃም ደግሞ የተመቸ ነው። በመጋቢት አጋማሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሬጉለስ የምትባለው ኮከብ አናታችን ላይ ትደርሳለች። ከማርቆስ ሲታይ ከአናት የምትርቀው ከ2 ዲግሪ ያነሰ ነው። ፊትን ወደ ደቡብ አዙሮ ከሬጉለስ ሁለት ጭብጥ መውረድ ነው። እዚያ አካባቢ በዓይን የሚታይ ኮከብ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እኔ የምጠቀመው ሌላ ዘዴ ነው።

አልፋርድ የምትባል ቀላ ያለች፣ ብቻዋን የቆመች ኮከብ አለች። ቴሌስኮፑን በትልቁ ቁጥር ሌንስ፣ 25 ሚሊ ሜትር የተጻፈበት ካለ በእሱ፣ አልፋርድ ላይ ያሳርፉ። ከዚያ ቱቦውን በጣም በቀስታ ወደ ሰሜን ይግፉት። አልፋርድ ወደ ዕይታው ደቡብ ጠርዝ ትሸሻለች። ልትጠፋ ስትል ያቁሙ። ጠበቅ አድርገው አሥረው ከዚያ በኋላ አይንኩት። ሰዓት ይያዙ። ምድር ራሷ ትዞራለች። ከ38 ደቂቃ ገደማ በኋላ ኤንጂሲ 3115 በራሱ ጊዜ ወደ ዕይታው ይገባል። ጋላክሲው ከአልፋርድ በስተምሥራቅ፣ ከ1 ዲግሪ ባነሰ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ነው።

ቀለም አይጠብቁ። ስስ፣ ሞላላ፣ ግራጫ ጭረት ነው። መሐሉ ደመቅ ይላል፣ ጫፍና ጫፉ ይሳሳል። በቀጥታ ካዩት ይደበዝዛል፤ ዓይንን ትንሽ ወደ ጎን አድርገው ሲያዩት ይረዝማል። ይህን ለልጆቹ አስቀድመው ይንገሯቸው። ካልተነገራቸው አይተውት «የለም» ብለው ይሄዳሉ።

ዲያቆን ዘዲማ፦

መምህራችን፣ እኔ የአብነት ተማሪ ሆኜ ነው ሰማይ ማየት የጀመርኩት። መጋቢት ዐቢይ ጾም ነው። ለማኅሌት የምንነሳ ሰዎች ኤንጂሲ 4993 ያለበትን አቅጣጫ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ በደንብ እናየዋለን። ስፒካን እኔም አውቃታለሁ፤ ስሟን ሳላውቅ። በአጥቢያችን ያሉ ልጆችን ሰብስቤ ቦታውን ላሳያቸው አስቤያለሁ። ቴሌስኮፕ የለንም፤ ቦታውን ማወቅ ግን ቴሌስኮፕ አይጠይቅም። በባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕ የሚያወጣ ልጅ ይህን ስሌት ለመማር አይቸግረውም፤ የጣና ዳሩ ወንድማችን ያሰላውን መንገድ ቢያስተምረን ደስ ይለኛል።

ጣና ዳር፦

በደስታ ዲያቆን። ሙሉ ስሌቱን በራሱ ክር እጽፈዋለሁ፤ ከሰዓት ወደ ኮከብ ሰዓት እንዴት እንደሚኬድ፣ የቦታው ምሥራቃዊ ኬንትሮስ ምን እንደሚጨምር። ለማጣራት ስቴላሪየም የሚባለውን ፕሮግራም መጠቀም ይቻላል። ቀኑን ወደ ኋላ መልሰው ነሐሴ 11 ቀን 2009 ላይ፣ ቦታውን ማርቆስ ላይ አድርገው ያዩታል።

የማርቆስ መምህር፦

ምን ልበላችሁ። ዛሬ ክፍል ገብቼ ከዚህ የተማርኩትን ነገርኳቸው። የነሐሴ 11 ነገር ሲነሳ የክፍሉ ልጆች «ያኔ እኛ ሕፃናት ነበርን» ተባባሉ። ያቺ ተማሪ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጣች፦ «እነዚያ ሁለት ኮከቦች ከተላተሙ በኋላ ምን ሆኑ?» አለች። አብረው ወደ ጥቁር ጉድጓድ ሳይቀየሩ እንዳልቀሩ ነገርኳት። ልክ ነኝ?

ለመጋቢት ኤንጂሲ 3115ን በሌሊት ተረኛዋ ዘዴ እንሞክራለን። ከከተማው መብራት ወጣ ያለ ሜዳ አግኝተናል። ልጆቹ በስልካቸው ፎቶ ማንሳት ይፈልጋሉ። ይሆናል?

ጮቄ ሥር፦

ብዙዎቹ ተመራማሪዎች የሚሉት ያንን ነው። የሁለቱ ድምር ክብደት ከፀሐይ 2.7 እጥፍ ገደማ ነበር። ከባድ ኒውትሮን ኮከብ ሆኖ ጥቂት ቆይቶ ወደ ጥቁር ጉድጓድ ተሰብስቧል የሚለው ግምት ሚዛን ይደፋል። በቀጥታ ያየ ግን የለም። ከግጭቱ የወጣው ፍንጣቂ ግን ለረጅም ጊዜ ተከታትለውታል፤ ቻንድራ ኤክስሬዩን ያየችው ከ9 ቀን በኋላ ነው፤ የሬዲዮ ሞገዱ ደግሞ ከ16 ቀን በኋላ ተያዘ። ለልጅቷ «ጥያቄሽ ገና ክፍት ነው» በላት። ወደፊት እሷ ትመልሰው ይሆናል።

የሌሊት ተረኛ፦

በስልክ ጨረቃ ይወጣል እንጂ ይህ አይወጣም መምህር። ስልኮቹ መብራታቸው ዓይን ስለሚያጠፋ ኪስ ውስጥ ይቆዩ። ለመጻፊያ የሚሆን ባትሪ ካለ በቀይ ላስቲክ ይሸፍኑት። ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ይምረጡ፤ ደጅ ከወጡ በኋላ ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ይጠብቁ። 38 ደቂቃው ለዚህ ይበቃል። ነፋሱ ስለሚበረታ ጋቢ ይያዙ።

ከፎቶ ይልቅ ይሣሉት። በነጭ ወረቀት ላይ ክብ ያስምሩ፤ እያንዳንዱ ልጅ በየተራ ያየውን፣ በዕይታው ውስጥ ያሉትን ኮከቦች ጭምር፣ በእርሳስ ያስቀምጥ። አንዱ የሌላውን ሳያይ ይሣል። ከዚያ ጭረቱ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚያዘነብል ሁሉንም አስተያይተው ይመልከቱ። ሥዕሎቹን እዚህ ክር ላይ ይለጥፉልን።